ተቀባይ ያጣ ለቅሶ፦ የግል ኀዘንን ጽፎ ለሰው ስለማንበብ

«ኀዘንን መጻፍ ይፈውሳል» የሚለው አባባል በመጻሕፍት ምረቃና በግጥም ምሽት አይጠፋም። አባባሉ ግን ሁለት ሥራዎችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል፤ መጻፍንና የጻፉትን ለሰው ማንበብን። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔኔቤከር ከሳንድራ ቢል ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች አራት ቀን በተከታታይ፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። ድርጊቱን ከነስሜቱ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ አነሰ። ጽሑፎቹ ስም አልሰፈረባቸውም፣ መድረክም አላዩም። ለንባብ ምሽት ጥብቅና የሚቆመው ማስረጃ እንግዲህ የተገኘው አድማጭ ከሌለበት ክፍል ነው። አድማጭ ሲገባበትስ ምን ይለወጣል?

ለዚህ ጥያቄ የባሌ ደጋ የቆየ መልስ አለው። ጌረርሳ በኦሮሞ ዘንድ ሰው ስለራሱ በራሱ አንደበት የሚያዜመው ነው። ከአዳኝና ከጀግናው ሌላ ድህነቱን፣ እስሩንና የወገኑን ሞት የሚያዜምም አለ። በጥንቱ ልማድ ግዳይ ያልጣለ ሰው የጀግና ጌረርሳ አያዜምም፤ አድማጩ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነውና ያልሠራውን ቢያወራ ይዋረዳል። በአማርኛው ለቅሶ ደግሞ አልቃሿ አስቀድማ ትጠይቃለች፦ ሟች ማን ነበር? ማንን ጥሎ ሄደ? ምን ሠራ? ከዚያ ግጥሟን በስሙ ትጀምራለች፤ ስንኙ ሲያልቅ ለቀስተኛው ይቀበላታል። በሁለቱም ቦታ አድማጭ ሥራ አለው፤ በጌረርሳው ምስክር፣ በለቅሶው ተቀባይ ነው።

የታተመ መጽሐፍ ይህን ተቀባይ ያጣል። በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። የጸሐፊዋ የሕይወት ተፈራ ኀዘን ከዚህም የጠበበ በር ነበረው፤ የምትወደውን ጌታቸው ማሩን የገደለው እሷም አባል የነበረችበት የፖለቲካ ድርጅት፣ ኢሕአፓ ነው። ስምንት ዓመት ታስራ ከወጣች በኋላ ታሪኳን በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተመችው፤ በአማርኛም «ማማ በሰማይ» ተብሎ ወጣ። ድንኳን ያልተተከለለት ለቅሶ በመጽሐፍ መጣ ማለት ይቻላል። ከአንባቢዎቹ መካከል ግን የድርጅቱ የቀድሞ አባላት፣ ባላንጣዎቹና የሟች ቤተሰቦች አሉ። ለእነዚህ መጽሐፉ «አብራችሁኝ እዘኑ» ከማለት አልፎ «እናንተስ ያኔ የት ነበራችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጸሐፊዋ ተጽናናች ወይ ብሎ መጠየቅ ይህን ክብደት ያቀልለዋል።

ከኢትዮጵያዊት እናት በእንግሊዝ የተወለደው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ሌላ መንገድ ሞክሯል። በአሳዳጊ ቤተሰብና በልጆች ማሳደጊያዎች ያደገው ኖርማን እየተባለ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ያገኘው ጎርምሶ፣ ከልደት የምስክር ወረቀቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 2017 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮርት ቴአትር መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ስለእሱ የተጻፈ የሥነ ልቦና ዘገባ ተዋናይት ጁሊ ሄስሞንድሃልግ ስታነብ አዳመጠ። ዘገባውን አስቀድሞ አላነበበውም። ባለታሪኩ ከተመልካቹ እኩል አድማጭ ሆነ፤ አዳራሹን የሞላው ሕዝብም ሰነዱ ጮክ ተብሎ ለመነበቡ ምስክር ሆነ። የምስክርነቱ ወሰንም እዚያው ይታያል፤ ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው እንደ ጌረርሳው አድማጭ ባለታሪኩን አያውቀውም፣ የጎደለውን ሊሞላ የተዛባውንም ሊያቃና አይችልም። ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የማሳደጊያ ሰነዶቹን ማካተቱ ይህን ጉድለት በወረቀት ማስረጃ የመሙላት ጥረት ይመስለኛል።

ነገሩ ወደ ባሌ ደጋ፣ ወደ ዲንሾ ሲመለስ ይጠብቃል። እዚያ ወይም በሮቤው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ኀዘኑን በአማርኛ የሚያነብ ወጣት ፊት ከሚቀመጡት ብዙዎቹ የሚያዝኑት በኦሮምኛ ነው። ማንነት የሚፈተነው የዚያን ጊዜ ነው፤ ጽሑፉ የማን ሞት በማን ቋንቋ እንደሚለቀስ ሳያስበው ይወስናል። ጭብጨባ ለዚህ አይመልስም። አዘጋጁ ከንባቡ በኋላ ሟቹን ወይም ዘመኑን ለሚያውቅ ሰው፣ በፈለገው ቋንቋ፣ ቃል ቢሰጥ አድማጩ የቀድሞ ሥራውን መልሶ ያገኛል። መቃወሚያም ሊመጣ ይችላል፤ ጸሐፊው ሊቀበለው የማይፈልግ ከሆነ ጽሑፉን ለራሱ ማስቀረት መብቱ ነው፤ የፔኔቤከር ተማሪዎች ያገኙት ጥቅምም ያለ አድማጭ ነው የተገኘው። ሐያሲም የጸሐፊውን ፈውስ የሚለካበት ሚዛን የለውም፤ ሊመዝን የሚችለው ጽሑፉ ለአድማጩ ምን ሥራ እንደሰጠው ነው።