የዕጩ መምህር ጆሮና የደራሲ መንደር

የቋንቋ መምህር የሚኾን ሰው ሰዋስው ጠንቅቆ ማወቅ እንዳለበት የሚክድ የለም። ነገር ግን የተማሪውን ቤት ካላወቀ ሰዋስው ብቻውን ሩቅ አያደርሰውም። በብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ዕጩ መምህር ለልምምድ ሲያስተምር ተቀምጠን ስናዳምጥ፣ አንድ ሕፃን ተረት እየተረከ ሳለ ከቤቱ የሚያውቀውን የቸሃ ቃል ጣል አደረገ። ክፍሉ ሣቀ፤ መምህሩም ፈገግ አለ። ልጁ ተቀመጠ፤ እስከ ደወሉም ድረስ ድምፁ አልተሰማም። መምህሩ ክፋት አልነበረበትም፤ አለማወቅ እንጂ።

ለዚህ ዐይነቱ ጉድለት ሥነ ጽሑፍ መድኃኒት ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ኾኖም አወሳሰዱ መታወቅ አለበት።

የአቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን ሥራ እንመልከት። «የሺነጋ መንደር» በመጀመሪያ የተጻፈው በቸሃ ሲኾን፣ ፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ይህ ብቻውን ለዕጩ መምህር ትምህርት ነው፤ ክፍሉ የሣቀበት ቋንቋ ልቦለድ የተሸከመ ቋንቋ ነውና።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» የናማጋ ጎጆ ተቃጥሎ መንደሩ ጥፋተኛውን ለማውጣት ሲሰበሰብ ያሳያል። ደራሲው የአገሩን ልማድ ለውጭ አንባቢ ለማስረዳት ብለው ታሪኩን የሚያቆሙባቸው ቦታዎች አሉ። በልቦለድነቱ ስንመዝነው ይህ ድካም ነው፤ ለዕጩ መምህር ግን ከድካምም አልፎ ወጥመድ ይኾናል። ማብራሪያውን በደብተሩ ገልብጦ «የጉራጌ ልማድ እንዲህ ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። እንዲህ ያለው አንባቢ ፈገግ ካለው መምህር ብዙ የራቀ አይመስለንም። ያኛው ልጁን አልሰማውም፤ ይኸኛው ደግሞ ልጁ ሳይናገር ዐውቄዋለሁ ይላል።

ደግሞስ አፈርሳታ የጉራጌ ብቻ ነበርን? በሌላውም የአገራችን ክፍል፣ አውጫጭኝ በሚል ስም ጭምር፣ ባላገሩን ከሥራው አስፈትቶ ሲያውል የኖረ ሥርዐት ነው። ከጎጃም ወይም ከሸዋ የመጣው ሠልጣኝ እንግዳ ልማድ ነው ብሎ የሚጽፈው የገዛ አያቱ የተቀመጡበትን ሸንጎ ሊኾን ይችላል።

ስለዚህ በማሠልጠኛው ክፍል «ይህ ሕዝብ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ይቆይ። ናማጋ ምን ተሰማው? ጎረቤቱ የሚያውቀውን በሸንጎ ፊት ለመናገር ምን ያስፈራዋል? አንተስ በቦታው ብትኾን ትናገር ነበርን? ከዕጩዎቹ መካከል ቸሃ የሚያውቅ ቢገኝ፣ የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም እርሱ ያንብብ፤ ሌሎቹ ተከትለው ይበሉት። ለአንድ ሰዓት ያህል የእነርሱ ምላስ ይሰናከል፤ ቢሣቅባቸውም ይሣቅ።