በአንድ ደብተር ልቤ ተንጠለጠለ!

ኧረ ስሙኝ! የያዛችሁትን አስቀምጡና ስሙኝ! አንድ ፊልም አገኘሁ። ካየሁት ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ «አይተኸዋል? አይተሽዋል?» እያልኩ ነው። ታክሲ ውስጥ አወራዋለሁ፣ ምሳ ላይ አወራዋለሁ፣ ተኝቼም ይመጣብኛል። አሁን ተራው የእናንተ ነው!

ስሙ «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ይባላል። የኢራን ፊልም ነው። የወጣው በ1987 ነው፤ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። የሠራው አባስ ኪያሮስታሚ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ! ኪያሮስታሚ! ርዝመቱ 83 ደቂቃ ብቻ። ሽጉጥ የለ፣ አፈና የለ፣ የሚካካዱ ፍቅረኞች የሉ። አንድ ልጅ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ኮረብታ። በቃ! ግን እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም አይቼ አላውቅም። አላውቅም!

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሰሜን ኢራን ኮከር የምትባል መንደር አለች። እዚያ አህመድ የሚባል ትንሽ ተማሪ አለ። አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው የቤት ሥራውን በደብተሩ ሳይሆን በብጣሽ ወረቀት ሠርቶ መጣ። መምህሩ ወረቀቱን ቀደደው! ልጁ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ደግሞ ማስጠንቀቂያው! አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ደብተር ቢመጣ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ይህን ጊዜ አህመድን እዩት! አንዲት ቃል አይናገርም። ዓይኑ ብቻ ወደ ጓደኛው ይሄዳል፣ ወደ መምህሩ ይመለሳል፣ እንደገና ወደ ጓደኛው። ኧረ እነዚያ ዓይኖች! ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ጭንቅ ያለባቸው! ልጁ ተዋናይ አይደለም እኮ! ባቤክ አህመድፑር ይባላል፤ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ጓደኛውን ሆኖ የተወነው ደግሞ የገዛ ወንድሙ ነው!

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጓደኛው ሲሮጥ ወደቀ። አህመድ ደግፎ አነሣው፣ የቆሸሸ ሱሪውን አጠበለት፣ ዕቃውን ሰበሰበለት። ቤቱ ገብቶ ቦርሳውን ሲከፍት ሁለት ደብተር! ሽፋናቸው አንድ ዓይነት! የጓደኛውን ደብተር ይዞበት መጥቷል! ነገ ጠዋት ያ ልጅ ሊባረር ነው! የሚኖረው ደግሞ ፖሽቴ በምትባል ሌላ መንደር ነው፤ ከኮረብታው ማዶ። ቤቱ የት እንደሆነ አህመድ አያውቅም።

ወይኔ! ልቤ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አልወረደም።

አሁን ለእናቱ ሊነግራት ይሞክራል። እሷ ልብስ እያጠበች ነው። የቤት ሥራህን ሥራ ትለዋለች። እሺ ይልና ደብተሩን ያወጣል። ገና እርሳሱን ሲይዝ፣ ና ይህን አቀብለኝ! ይነሣል፣ ያቀብላል፣ ይመለሳል። ሕፃኑ አለቀሰ፣ አባብለው! ይሄዳል፣ ያባብላል። ደግሞ የቤት ሥራህን ሥራ! በመሃል በመሃል ያቺን አንዲት ነገር ይላታል፦ የጓደኛዬን ደብተር ይዤበት መጥቻለሁ፣ ልመልስለት። አትሰማውም! ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያታል። አታይም! ቆይቶ ደግሞ ዳቦ ግዛ ትለዋለች። ጉድ እኮ ነው! ይህ ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ግን እኔ ትራስ አቅፌ ጥፍሬን እበላ ነበር!

ልጅ ሆኖ ያልተላከ ማን አለ? እስቲ ንገሩኝ! «ሱቅ ድረስ ብቅ በል፣ ጨው ይዘህ ና፣ ጎረቤት ሄደህ ወንፊት አምጣ፣ ምነው ዘገየህ?» ያልተባለ ማን አለ? ይህ ሰው ኢራን ቁጭ ብሎ የእኛን ግቢ ነው የቀረጸው! ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ከእማዬ ጋር ነበርኩ። ስክሪኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ እየተረጎምኩላት ጀመርን። ትንሽ ቆይታ «ተይው፣ ገብቶኛል» አለችኝ። ያቺ እናት ለስንተኛ ጊዜ ፊቷን ስታዞርበት እማዬ ሲኒዋን አየር ላይ እንደያዘች ወደ ቴሌቪዥኑ ዘንበል አለችና «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን ስሚው!» ብላ ጮኸችባት። ቡናው ቀዘቀዘ! እማዬ ቡና አቀዝቅዛ አታውቅም!

እኛ ቤት እኮ ድራማ ማየት የዕለት ሥራ ነው። ቃና ቴሌቪዥን ላይ የቱርክ ድራማ ሲጀምር ስልክ አይነሣም። የሕንድ ፊልም ዘፈኖችን ቋንቋውን ሳናውቅ በቃላችን ይዘን ነው ያደግነው። አሁንም እወዳቸዋለሁ፣ አልተዋቸውም! ግን እነዚያ መቶ ክፍል ፈጅተው፣ ሽጉጥ አስይዘው፣ ሰው አፍነው የሚያመጡትን ጭንቀት ይህ ሰው በአንድ ደብተር አመጣው! እንዴት? እንዴት አድርጎ?

እንዴት እንዳደረገው ልንገራችሁ፤ ገርሞኝ ነጋ ጠባ ሳስበው ነበር። ልጁ ምን እንደሚፈልግ አንድም ጊዜ አንጠራጠርም። ያቺን ደብተር መመለስ! ሌላ የለም! ጊዜው ደግሞ ዛሬ ማታ ብቻ ነው፤ ፀሐይዋ ስትወርድ በዓይናችን እያየን ነው። በመሃል ያለው አዋቂ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ጠልተነው እንገላገል ነበር። ሁሉም የራሱ ጉዳይ አለው። እናትየዋ ልብሷ አለባት፣ አያቱ ወጋቸው አለባቸው፣ ኋላ የሚመጣው ነጋዴ ዋጋው አለበት። ልጁን አይሰሙትም እንጂ አይጠሉትም። ይህ ነው የሚያንገበግበው!

አያትየውን እንዴት ልለፋቸው! አህመድ እያለከለከ ሲመጣ አያቱ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሲጋራ አምጣልኝ ብለው ይልኩታል። ሲጋራው ግን ኪሳቸው ውስጥ አለ! አለ እኮ! ለምን እንደላኩት ለጓደኛቸው ሲያስረዱ ልጅ ሥርዓት እንዲማር ነው ይላሉ። እሳቸው ልጅ እያሉ አባታቸው በየሳምንቱ ሳንቲም፣ በየሁለት ሳምንቱ ዱላ ይሰጧቸው ነበር፤ ሳንቲሙ አንዳንዴ ይረሳል፣ ዱላው ግን ተረስቶ አያውቅም። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴ ተላወሰ። እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ! ሰፈራችን ጥላ ሥር የተቀመጡት እሳቸው ናቸው!

አሁን ደግሞ ኮረብታው! ኧረ ኮረብታው! ከሩቅ ነው የሚታየው። ራቁቱን የቆመ ኮረብታ፣ ጫፉ ላይ አንዲት ዛፍ ብቻ፣ ከሥር እስከ ላይ ዚግዛግ የሚወጣ ቀጭን መንገድ። አህመድ ዳቦውን ትቶ፣ ደብተሩን ይዞ፣ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ወደ ፖሽቴ ይሮጥበታል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ እልም! ያንን መንገድ ለፊልሙ ብሎ ያሠራው ራሱ ኪያሮስታሚ ነው! ለአንድ ልጅ ሩጫ ኮረብታ ላይ መንገድ ማውጣት! ልጁ ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል፤ በየጊዜው ያው መንገድ፣ ያችው ዛፍ፤ በየጊዜው ግን ልቤ ይበልጥ ይመታል።

ፖሽቴ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ዓለም! ጠባብ መተላለፊያ፣ የድንጋይ ደረጃ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በየቦታው የታጠበ ልብስ። ዶሮው ይሰማል፣ ውሻው ይሰማል፣ የልጁ ትንፋሽና የእግሩ ኮቴ ይሰማል። የእንጨቱና የጭቃው ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ! አንድ ቦታ ላይ ሱሪ ተሰቅሎ ያያል። ያ ያጠበለት ሱሪ ይመስላል! ሱሪ! ገመድ ላይ ያለ ሱሪ አይቼ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ! በሕይወቴ ለልብስ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም!

በር ያንኳኳል፣ ሰው ይጠይቃል፣ እዚያ ይሉታል፣ እዚህ ይሉታል። ኮከር ሲመለስ ደግሞ አንድ ነጋዴ ከዚያችው ደብተር ላይ ገጽ ቀድዶ መጻፊያ ያደርጋል! ያቺን ደብተር! «ተው! አትቅደድ!» ብዬ ጮህኩ! ነጋዴው የጓደኛውን የቤተሰብ ስም ሲጠራ ሰማና አህመድ በአህያ የሚሄደውን ሰውዬ ተከትሎ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ሩጫ!

ከዚያ ይመሻል። ከሁሉ የሚበልጠው የመጣው እዚህ ነው፤ ይህን በደንብ ልንገራችሁ። አህመድ አንድ ሽማግሌ አናጢ ያገኛል። ቤቱን አሳይሃለሁ ይሉታል። እሰይ! በመጨረሻ የሚሰማው ሰው ተገኘ! ግን ሽማግሌው እርጅና ተጭኗቸዋል፤ እርምጃቸው የዔሊ ነው። ልጁ ሊበር ነው፣ እሳቸው ቆም ይላሉ። በየመንገዱ ያሉትን በሮችና መስኮቶች ያሳዩታል፤ ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ያንንም እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አሁን ሰው የብረት በር እያስገባ ነው፤ የእንጨቱ ምን ሆነና? በዚያ ጨለማ ከተፈለፈለው የእንጨት መስኮት ውስጥ የሚወጣው ብርሃን ግድግዳው ላይ ጌጥ ሠርቶ ይፈስሳል! ቢጫ፣ ሞቅ ያለ፣ ጥላው እንደ ጥልፍ የተዘረጋ! ፊልሙን አቁሜ ብርሃኑን ብቻ አየሁት። እንዲህ ያለ ውበት! «ቶሎ ይበሉ አባባ!» እያልኩ ደግሞ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ይህን ሁሉ ልየው!» እያልኩ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ! ልጁም እንደዚያው ነው፤ እየቸኮለ ነው፣ ግን ሽማግሌውን ብቻቸውን መተው ሳይከብደው አይቀርም። በመንገዳቸው ላይ ሽማግሌው አንዲት ትንሽ አበባ ይሰጡታል። ያቺን አበባ አትርሷት!

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ብትለምኑኝም አልነግራችሁም! ፊልሙ ሲያልቅ እማዬ እጇን አጨብጭባ እልል ማለቷን ብቻ ልናገር።

ደግሞ ገና አላለቀም! በሰኔ 1990 ያንን አካባቢ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ኪያሮስታሚ በፊልሙ የተወኑት ልጆች በሕይወት አሉ ወይ ብሎ የራሱን ልጅ ይዞ ፍለጋ ወጣ። ያን ጉዞ ደግሞ ፊልም አደረገው! «ሕይወትም ይቀጥላል»፣ 1992። አንድ ዳይሬክተርና ትንሽ ልጁ በቢጫ መኪና በፈረሱት መንደሮች መካከል ያልፋሉ። ቤት ፈርሷል፣ ሰው ሟቹን ቀብሯል፤ አንዱ ሰውዬ ግን አንቴና እየተከለ ነው! የዓለም ዋንጫ ሊያይ! ኳስ የሚወድ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ይረዳዋል! እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ።

በዚያ ፊልም ውስጥ ከአደጋው ማግስት የተጋቡ ሙሽሮች ይታያሉ። ሦስተኛው ፊልም፣ የ1994ቱ «በወይራ ዛፎች መካከል»፣ ስለ እነሱ ቀረጻ ነው! ሙሽራውን የሚተውነው ሆሴን የሚባል ግንበኛ ሙሽሪትን የምትተውነውን ልጅ በእውነት ይወዳታል። እሷ ግን ከካሜራ ፊት ውጪ ቃል አትተነፍስለትም! ይለምናታል፣ ያስረዳታል፣ ይከተላታል። የመጨረሻው ትዕይንት! ሁለት ነጭ ነጥቦች በአረንጓዴ ሜዳ ላይ፣ በጣም ሩቅ፣ ድምፃቸው አይሰማም። ምን አለችው? እኔና እህቴ እስካሁን እንከራከራለን። እኔ እሺ አለችው ባይ ነኝ! ሩጫውን እዩት፤ እምቢ የተባለ ሰው እንደዚያ አይሮጥም! ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች ከአደጋው ተርፈዋል፤ በዚህ ፊልም ውስጥ አድገው ብቅ ይላሉ። ሳያቸው ስሜን ረሳሁ!

ኪያሮስታሚ በ1997 «የቼሪ ጣዕም» በተባለው ፊልሙ ካን ላይ የወርቅ ዘንባባውን ወስዷል። በ2016 አርፏል። እኔ ግን ሽልማቱን አይቼ አይደለም ይህን የምለው፤ አንድ ልጅ ሲሮጥ አይቼ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እዩት! ነገ አትበሉ፣ ዛሬ! ልጆች ካሏችሁ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው፤ ይከታተሉታል። እናታችሁን ጥሩ፣ አያታችሁን ጥሩ፣ ስልኩን ዝም አሰኙት። በ1987ቱ ጀምሩ፣ ከዚያ የ1992ቱን፣ ከዚያ የ1994ቱን። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቡብኝ!