«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ቃልና የቤተሰብ ምጣኔ በሐይቅ አካባቢ

ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በተማሪዎች የሚጻፉትን ጥናቶች ስንመለከት እንቅፋቶቹ ሁልጊዜ በአንድ ተራ ተዘርዝረው እናገኛቸዋለን። ፊተኛው ሃይማኖት፥ ሁለተኛው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው የአበው ቃል፥ ሦስተኛው አለማወቅ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስም ለዚህ አሳብ የተመቸ ቦታ ይመስላል፤ በ13ኛው ምዕት ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስመ ጥር የሆነው ገዳም ዛሬም ሴት አይገባበትምና።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ይህን አሳብ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በመላ ኢትዮጵያ ከመቶ 35 ሲሆኑ በአማራ ክልል 47 ነበሩ፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ከፍተኛው ነበር። ጾም አጥባቂ የሆነው አገር እንዴት ቀደመ? ደግሞስ ሃይማኖት ሲባል የቱ ነው? በሐይቅ ዙሪያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይውላል። ክርስቲያኑ በጾም ወራት መኝታ መለየትን ያውቃል፤ በእስልምናም በኩል ኢማም ጋዛሊ ባል ዘሩን ወደ ውጭ በማፍሰስ ፅንስን ማስቀረቱን እንደ ፈቀዱ የታወቀ ነው። መድኃኒቱን የሚቃወሙ ካህናትና ሼሆች መኖራቸው እውነት ነው፤ መታቀብና ማራራቅ ግን ለሁለቱም እንግዳ አይደለም።

ምሳሌውም ስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት ከ1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት አንዱ ማለት ነው። የ1966ንና የ1977ን ረኃብ ያየ ወሎዬ «በዕድሉ» ቢል ምን ይደንቃል? በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል፤ ቃሉን የሚያደክመው ይህ ነው እንጂ ስብከት አይመስለንም።

አለማወቅ የሚባለውም ታሪክ አለው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስታወቅ ይከለክል ነበር፤ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም ሕጉ አልተነሣም ነበር።

እኛን ይልቅ የሚያሳስበን የማስተማሪያው ሥዕል ነው። በአንድ ወገን የተጎሳቆለ ባለ ብዙ ልጅ፥ በሌላው ወገን የለበሰና የጠገበ ባለ ሁለት ልጅ ቤተሰብ ይሳላል። ከብት የሚጠብቅለትንና በስተርጅና የሚጦረውን የሚቆጥር ገበሬ ይህን እንደ ስድብ ቢያየው አይፈረድበትም። (ሥዕሉን የሚያደንቁት እንደኛ ያሉ የከተማ ሰዎች ናቸው።) ከዚህም በላይ የሴቲቱን ጥያቄ አይመልስም፤ እርሷ የምትጠይቀው «መርፌው የወር አበባዬን ቢያዛባውስ? ኋላ መውለድ ቢያቅተኝስ?» እያለች ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት መከላከያ ከጀመሩት ከመቶ 35ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ያቋርጡ ነበር። እነዚህን አላዋቂ ማለት አይቻልም፤ ጀምረው አይተውታልና።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስቀድማ ልትናገር ይገባል፦ ደም ሊዛባ ወይም ሊቀር እንደሚችል፥ መርፌው ከቆመ በኋላ ፅንስ ለጥቂት ወራት ሊዘገይ እንደሚችል፥ ይህም መካንነት አለመሆኑን፥ ካልተስማማትም በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሌላውን መምረጥ እንደምትችል። እንክብል ከሣጥን ይገኛል፥ መርፌ ግን አይታይም፤ ከባሏ ተደብቃ የምትመጣ ሴት መርፌን የምትሻው ስለዚህ ነው፤ ሲያማትም ለማን ትናገራለች? ባልየው ትምህርቱን መስማት አለበት። እርሱን የሚያገኙት ግን በሰንበቴና ከጁምዓ ስግደት በኋላ ነው፤ ጤና ኬላው ተከፍቶ በሚውልበት ሰዓት እርሱ እርሻ ላይ ነውና።