ሰፊው ገበያ

በየዓመቱ በመጀመሪያው የቅዳሜ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ «ሰፊው ገበያ ውሎ ሲመለስ ሱቁ ተሰብሮ ጠበቀው።» ከዚያ አንዱ ተነስቶ እንዲያነብ አደርጋለሁ። ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ፊ»ን አጥብቆ ይጀምራል፤ ትልቅ የገበያ ቦታ ታይቶታል። «ውሎ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ይንገዳገዳል። ጎበዝ ከሆነ ይመለስና «ፊ»ን አላልቶ እንደገና ይጀምራል፤ ለካ ገበያ የዋለው ልብስ ሰፊው ነው! ካልሆነ ግን እንዳጠበቀ እስከ አራት ነጥቡ ይነዳዋል። «የተመለሰው ማነው?» ስለው «ገበያው» ይለኛል።

አማርኛ አስተምራለሁ፤ የ8ኛ ክፍል ልጆችን ለሚኒስትሪ ፈተና አዘጋጃለሁ። አንብቦ መረዳት የሚባለውን ክፍል ግን ለብዙ ዓመት ያስተማርኩት በአቋራጭ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ፣ ከጥያቄው አንድ ቃል ያዙ፣ ቃሉን ምንባቡ ውስጥ ፈልጉ፣ አጠገቡ ያለውን አጥቁሩ። ግራ ከገባችሁ ደግሞ «ሁሉም መልስ ነው» የሚለውን ምረጡ። (ይህችን የመጨረሻዋን ምክር የሰጠሁት እኔ መሆኔን ሳስብ ዛሬም ያሳፍረኛል።) ጥያቄው «የት»፣ «መቼ»፣ «ስንት» ሲል ዘዴው ይሠራል። «ለምን» ሲል ግን መልሱ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ልጆቹም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ወላጅም አቋራጩን ይወደዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ድንጋጤው ወደ ታች ወርዶ እኛ ጋ ደርሷል። «መምህር፣ ብቻ የቆዩ ፈተናዎችን በደንብ አሠራልኝ» ይሉኛል። አሠራለሁም፤ ግን የቆየ ፈተና የልጁን ድካም ያሳየኛል እንጂ አያድነውም።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ዜና የምታነበው እሷ ነበረች፤ ድምፅዋ የሬዲዮ ነው፣ ፍጥነቷም ለጉድ ነው። ፈተና ላይ ግን ከግማሽ ፈቀቅ አትልም። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ አስቀረኋትና ራሴ የጻፍኳትን አጭር ምንባብ ሰጠኋት። «ታኅሣሥ 29 ቀን ማታ ነው። ዶሮው ተሠርቷል፤ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። አባት ከሩቅ አገር እመጣለሁ ብሎ ነበር። እናት በር በሩን ታያለች። ገና አልመጣም።» «ና»ን አጥብቃ፣ በዚያ በሚያምር ድምፅዋ አነበበችው።

«ያልመጣው ማነው?» አልኳት።

«በዓሉ።»

«ቀኑ ስንት ነው ይላል?»

«29...» አለችና ዝም አለች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ቲቸር! አባትየው ነው!» እንደገና ስታነበው «ና» ላላ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይኸው ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» ብሎ ጽፎ መናገሩን ይሁን መኖሩን ለአንባቢው ይተውለታል። ስለዚህ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ የተረዳውን ያህል በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ጥያቄ እስክጠይቀው እንኳ መጠበቅ አያስፈልገኝም። የቄስ ትምህርት ቤት ነገር ሌላ ነው። የኔታ ፊት ዳዊት የሚደግም ልጅ ተነሽና ወዳቂውን ሳይስት ያነባል፤ የግዕዙን ፍቺ ግን ገና አልተማረም። እዚያ ድምፁን የሚያቀናለት የኔታ ነው። አማርኛ የሚያነብ ልጅ አጠገብ የኔታ የለም፤ የሚያቀናው ትርጉሙ ብቻ ነው።

አሁን ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አቀማምጣቸዋለሁ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ወረቀቱን ሳያይ ያዳምጣል፤ አድማጩ ነገሩ ከጠፋበት «ቆይ» ይላል። ሕጉ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን በየመስመሩ «ቆይ» ይበዛና ክፍሉ ገበያ ይመስላል (ሰፊ ገበያ!)። ከወር በኋላ አንባቢው ራሱ፣ ማንም ሳያስቆመው፣ መሃል ላይ ቆም ብሎ ሲመለስ እሰማለሁ።

ጥያቄዎቹንም እንደዚያው ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደርጋለሁ፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚያ ነውና። «በምንባቡ መሠረት ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» ይላል ጥያቄው። በአማርኛ ይህን የሚያህል አፍራሽ ነገር የተሸከመችው አንዲት «ል» ናት፤ ያቺም መሃል ገብታ ተሸጉጣለች። የቸኮለ ዓይን «የሆነው» ብሎ ያልፋታል፤ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ምንባቡ ውስጥ ሲያገኘው ደግሞ ደስ ብሎት ያጠቁራል። አፍ ግን «ል»ን ሳይነካ ማለፍ ይቸግረዋል።

የዘዴው እንከን የታየኝ ፈተናው ቀን ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ እንደለመደው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያነብ ፈታኙ መልስ እያቀበለ መስሎት ከወንበሩ አስነስቶ ግድግዳ ጥግ አስቀመጠው። ልጁ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ከድንጋጤው የተነሳ የመጨረሻውን ምንባብ በወጉ እንዳላነበበው ነገረኝ። እኔ ነኝ ያላስጠነቀቅኩት። ከዚያ ወዲህ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ከንፈር ገጥሞ ለማንበብ እንለማመድባቸዋለን። እኔ በወንበሮቹ መሃል እየተዘዋወርኩ ከንፈር ከንፈራቸውን አያለሁ። አንዳንዶቹ በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ፤ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሲደርሱ መሰለኝ። እሱን አልከለክልም።