አምስት ባለድርሻዎች፣ አንድ ሴንሰር

እስቲ ከአንድ ሰነድ እንጀምር። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. 181 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ቢዝነስ ራውንድቴብል በሚባለው ማኅበራቸው በኩል አንድ መግለጫ ፈረሙ። ኩባንያ የሚሠራው ለባለአክሲዮኖች ብቻ ሳይሆን ለደንበኞች፣ ለሠራተኞች፣ ለአቅራቢዎችና ለአካባቢው ማኅበረሰብም ነው ይላል። ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ባለአክሲዮኑን ያስቀድም ስለነበር፣ ለውጡ ቀላል አይደለም።

ከፈራሚዎቹ አንዱ ግን የቦይንግ ኃላፊ ዴኒስ ሙይለንበርግ ነበሩ። ከአምስት ወር በፊት፣ መጋቢት 1 ቀን፣ ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አልቀዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይም የላየን ኤር ማክስ ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል።

ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን እንየው። የማክስ ሞተር ትልቅና ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታዎች አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሳት ዝንባሌ ነበረው። ይህን ለማረም ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ተጨመረ። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት የማዕዘን ሴንሰሮች አሉ፤ ኤምካስ የሚያዳምጠው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ያ ሴንሰር ሲሳሳት ሶፍትዌሩ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ሁለቱን እንዲያነጻጽር የተደረገው ከአደጋዎቹ በኋላ ነው።

ቦይንግ ባለድርሻዎቹን ረስቶ ነበር? አልረሳም እኮ! አብራሪዎች ያለ ሲሙሌተር ሥልጠና ከድሮው 737 ወደ ማክስ ቢሻገሩ ለአየር መንገዶች ወጪ ይቀንሳል። የኤርባስ ኤ320 ኒዮ ተፎካካሪ ቶሎ ገበያ ላይ ቢወጣ ደግሞ ባለአክሲዮኖች ይጠቀማሉ። ሁለቱም ተደምጠዋል። ተሳፋሪው ግን ትኬቱን የሚገዛው ከአየር መንገዱ እንጂ ከቦይንግ አይደለም። ታዲያ ከአምስቱ የትኛው ውስጥ ነው ያለው?

የመግለጫው ትልቁ ድክመት እዚህ ጋ ነው። አምስቱን ይዘረዝራል፤ ጥቅማቸው ሲጋጭ ማን እንደሚቀድም ግን አይናገርም። ሁሉንም እናመጣጥን ካልን ደግሞ ደህንነትም እንደ ማንኛውም ጥቅም ሚዛን ላይ ይወጣል። ምህንድስና ውስጥ ሁለት ነገሮችን እንለያለን፦ የምናሻሽለውን ግብና የማይጣሰውን ገደብ። ድልድይ ስትሠሩ ወጪ መቀነስ ትችላላችሁ፤ ጭነቱን መሸከሙ ግን ለድርድር አይቀርብም።

ነገ የራሳችሁን ድርጅት ስትከፍቱ፣ ባለድርሻዎችን ከመዘርዘራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ውሳኔ ቢበላሽ የሚሞተው ማነው? ስብሰባው ላይስ አለ? ከሌለ፣ ሕይወቱን ከሌሎች ጥቅም ጋር አትመዝኑ። መጀመሪያ ገደቡን አስምሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አመጣጥኑ።