የጠፋው «ገባሁ»

ሲም ካርድ ከስልኩ ወጥቶ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ዓይን የሚይዘው ወርቅማው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በቀጫጭን መስመሮች ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ ቦታ ኤሌክትሪክ ያስገባል፤ አንዱ የጊዜ ምት ይሰጣል፤ አንዱ ቺፑን እንደ አዲስ ያስነሳል። መረጃ የሚገባውም የሚወጣውም ግን በአንዲት ቦታ በኩል ነው፤ ተራ በተራ፣ አንዴ ጥያቄ አንዴ መልስ። መነሻ ፍጥነቱ በሴኮንድ 9,600 ቢት ገደማ ነው። ለዛሬ ሰው ቀርፋፋ ነው፤ ከካርዱ የተሰረዘ የጽሑፍ መልእክት ለማንበብ ግን ይበቃል። የሚፈለገው 176 ባይት ብቻ ነውና።

በካርዱ ውስጥ የጽሑፍ መልእክት የሚያድርበት ፋይል መለያው 6ኤፍ3ሲ ነው። ፋይሉ እኩል እኩል በሆኑ መደቦች ተሸንሽኗል። የመደቦቹ ብዛት እንደ ካርዱ ይለያያል፤ ርዝመታቸው አንድ ነው፣ እያንዳንዳቸው 176 ባይት። «እሺ» የምትል መልእክትም ሙሉ መደብ ትይዛለች። የተረፈው ቦታ 255 በሚል ቁጥር ይሞላል።

የመደቡ የመጀመሪያ ባይት የሁኔታ ምልክት ናት። 1 ከሆነች መልእክቱ መጥቶ ተነቧል። 3 ከሆነች መጥቶ አልተነበበም። 5 ከሆነች ከዚሁ ስልክ ተልኳል። 7 ከሆነች ሊላክ ተጽፎ ቆሟል። 0 ከሆነች ቦታው ባዶ ነው። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ አልተመረጡም። የመጨረሻዋ ቢት «ተይዟል» ማለት ስለሆነች፣ የተያዘ መደብ ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ይይዛል።

ብዙ የቀድሞ ስልኮች መልእክት ሰርዙ ሲባሉ ይህችን አንዲት ባይት ወደ 0 ቀይረው ይተዋሉ። የቀሩት 175 ባይቶች አዲስ መልእክት መጥቶ እስኪጻፍባቸው ድረስ እንዳሉ ይቆያሉ። በብራና ላይ የቀድሞ ባለቤትን ስም ማጥፋት የፈለገ ሰው በምላጭ መፋቅ ነበረበት፤ እዚህ ግን ማንም ምንም አልፋቀም። መደቡን በሙሉ በ255 የሚሞላ ስልክም አለ። ያ ከሆነ ከካርዱ የሚገኝ ነገር የለም።

እንዲህ ያለውን የተሰረዘ መልእክት የሚፈልግ መርማሪ ብቃቱ መጀመሪያ የሚታየው ባለመንካት ነው። ካርዱን ሌላ ስልክ ውስጥ ከትቶ ማየት ቀላል ይመስላል። ሆኖም መልእክቱ ሲከፈት ስልኩ 3ን 1 ያደርጋታል። ይባስ ብሎ ከኔትወርክ ጋር ይገናኝና አዲስ መልእክት ተቀብሎ «ባዶ» በተባለው መደብ ላይ ይጽፋል፤ የሚፈለገውም መደብ ያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርዱ የሚገባው በካርድ ማንበቢያ ውስጥ ነው። ከኮምፒዩተሩ የሚላኩት ትእዛዞች በመሠረቱ ሁለት ናቸው፦ ፋይሉን ምረጥ፣ መደቡን አንብብ። ካርዱ 176ቱን ባይቶች ይሰጥና በመጨረሻ 90 00 ይላል፤ ያለ ስህተት ተፈጸመ ማለት ነው። ለአንድ መደብ ሩብ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም። ፒን ካለው ግን ግምት ክልክል ነው። 3 ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል፤ የተቆለፈውን የሚከፍተው ስምንት አኃዝ ያለው ፒዩኬ ደግሞ 10 ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱ ለዘለቄታው ይዘጋል።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ በአውቶቡስ ሄዶ ሲደርስ ጎንደር ላለችው እናቱ «ገባሁ» ብሎ ጻፈ እንበል። እሷም አንብባ ሰረዘችው። አሁን የእናትየዋን ካርድ፣ 0 የተባለውን መደብ፣ ከዳር እስከ ዳር እናንብብ።

ከሁኔታ ምልክቷ ቀጥሎ የመልእክት ማእከሉ ቁጥር፣ ከዚያ የላኪው ቁጥር ይመጣል። አኃዞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቦታ ተለዋውጠዋል። 2519 ብሎ የሚጀምር ስልክ 52 91 ሆኖ ይታያል። እነዚህን አራት አኃዞች የለመደ ዓይን ከብዙ ቁጥር መሃል የኢትዮጵያን ሞባይል ወዲያው ይለያል። ከዚያ የአጻጻፉን ስልት የምትናገር ባይት አለች፦ 00 ከሆነች በአብዛኛው የላቲን ፊደል፣ 08 ከሆነች እንደኛ ፊደል ያለው ጽሑፍ። ይሄ ልዩነት ቦታ ይበላል። አማርኛውን በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው በአንድ መልእክት 160 ምልክት ያገኛል፤ በራሱ ፊደል የጻፈ 70።

ቀጥሎ ጊዜው በሰባት ባይት ይመጣል። እሱም ተገልብጦ ነው። የፈረንጆቹ 2024 ዓ.ም. በሁለት አኃዝ 24 ተብሎ 42 ይሆናል፤ 15 ሰዓት፣ ማለትም የኛ ቀን 9 ሰዓት፣ 51 ይሆናል። ሰባተኛዋ ባይት የሰዓት ክልሉን በሩብ ሰዓት ትቆጥራለች። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ይህ 12 ሩብ ነው፤ ሲገለበጥ 21።

ከዚያ 06 ይላል፤ የጽሑፉ ርዝመት ነው። ቃሉም እነሆ፦ 13 08፣ 12 63፣ 12 01። ገ፣ ባ፣ ሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ደስ ይለኛል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ለአብዛኛው ተነባቢ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው። ስለዚህ የሁለተኛዋ ባይት የመጨረሻ ሦስት ቢቶች የፊደሉን ቤት ይናገራሉ። ቁጥሩ በአሥራ ስድስት መሠረት የተጻፈ ነውና 08 ስምንት ነው፤ ለስምንት ሲካፈል ቀሪው 0፣ ግዕዝ። 63 ዘጠና ዘጠኝ ነው፤ ቀሪው 3፣ ራብዕ። 01 ቀሪው 1፣ ካዕብ። ሦስቱ ቢቶች ቢበላሹ እንኳ የሚጠፋው አናባቢው ነው፤ ተነባቢው ይተርፋል። ሠንጠረዡ የተሠራው ለምርመራ ተብሎ አልነበረም፤ ሥርዓት ስላለው ግን እዚህም አገለገለ።

ሰዓቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መልእክቱ ማእከሉ ጋ የደረሰበት ነው እንጂ እናትየዋ የተቀበለችበት አይደለም። ስሜን ተራሮች ላይ ኔትወርክ አጥቶ የዋለ ስልክ ማታ ደባርቅ ሲወርድ የጠዋቱን መልእክት ይቀበላል፤ በመደቡ ላይ የሚጻፈው ግን ጠዋት ነው። ልጁ የላከው ቅጂ በራሱ ካርድ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ የጊዜ ቦታ ጭራሹን የለውም።

ዘመናዊው ስልክ በአብዛኛው መልእክቱን በካርዱ ላይ አያስቀምጥም፤ በራሱ ማኅደር ውስጥ በኤስኪውላይት ዳታቤዝ ይይዘዋል። የተሰረዘ መስመር በገጹ ውስጥ ነጻ ቦታ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ብቻ ይጻፍባቸዋል። የቀረውን የሚያገኘው የፊደሉን አሻራ የሚያውቅ ሰው ነው፦ እዚህ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያዋ 225፣ ሁለተኛዋ ከ136 እስከ 141። በዚህ ምት የሚሄድ ረድፍ ከታየ በፊደላችን የተጻፈ ነገር፣ ለምሳሌ አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ አለ ማለት ነው። ነገር ግን አዳዲሶቹ ስልኮች ማኅደሩን በምስጢር ቁልፍ ይዘጋሉ፤ ቁልፉ ከሌለ የሚታየው ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው። እኔ አሮጌውን ካርድ የምወደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተያዘ መረጃ ሳይለወጥ እንዲጠበቅ ያዛል። ለዚህ ከካርዱ ከተገለበጠው መረጃ ሃሽ የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ 64 ምልክት ያለው ልክ ይወሰዳል። አንዲት ቢት ብትለወጥ ልኩ ሌላ ይሆናል።

ጥሩ ሪፖርት ደረቅ ነው። የመደቡን ቁጥር፣ 176ቱን ባይቶች እንዳሉ፣ ንባባቸውን፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋል። «እናትየዋ የሰረዘችው» አይልም። «ባዶ የሚል ምልክት ያለበት መደብ» ይላል፤ ምልክቷን ወደ 0 የቀየራት ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ካርዱ አይመዘግብምና።