ትጋት ልኩን ሲያልፍ

ትጋት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ለምን እንደ ሆነ ያልተመረመረ ትጋት ባለቤቱን ይበላል። ሎረን ሃዳዌይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ያወጣችው «ዘ ኖቪስ»፣ ማለትም «ጀማሪዋ»፣ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ይህንኑ ያሳየናል።

አሌክስ ዳል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከታንኳ ቀዘፋ ቡድን ገብታ ከሁሉ ልትበልጥ ትነሣለች። መዳፏ ቆስሎ እየደማ ትቀዝፋለች። ጓደኛዋ ጄሚ የምትደክመው የትምህርቷን ወጪ የሚሸፍን ርዳታ ለማግኘት ነው፤ አሌክስ ግን ይህ ርዳታ አያስፈልጋትም። ታዲያ ለምን ትደክማለች? ለመብለጥ ብቻ።

ወጣቶች ሆይ፣ ስምንት ሰው የሚቀዝፋት ታንኳ የምትፈጥነው ስምንቱ መቅዘፊያዎች በአንድነት ውሃ ሲነኩ ነው። ብቻውን ሊልቅ የሚሻ ቀዛፊ ታንኳይቱን ያዘገያታል።

ፊልሙ ጥፋቱን በጨካኝ አሠልጣኝ ላይ አለማላከኩ ያስመሰግነዋል፤ የልጅቱ አሳዳጅ ራሷ ናትና። ነገር ግን ሥቃይዋን በውብ ሥዕልና በሙዚቃ ስላጀበው፣ ያልበሰለ ተመልካች ቁስሏን እንደ ኒሻን እንዳይቆጥረው ያሰጋል።

እናንተም በትምህርትም ሆነ በጨዋታ ስትደክሙ፣ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «ከእገሌ በለጠ ለመባል» ብቻ ከሆነ፣ መቅዘፊያውን አስቀምጡና ጥቂት ዕረፉ።